እማዬ ጠይቃ ነበር

አርባ ምንጭ፣ የካቲት 9 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ፣

እንዴት ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እናንተ ጋ ላንቴ ቀበሌ ነፋሱ የአክስቴን ሙዝ ጣለው ሲሉ ሰምቼ አዘንኩ። እኔ ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ወንጌላዊ ወርቅአፈራሁ በጋሞኛ ያነብልሻል። አንድም መስመር እንዳይዘል አደራ ብዬዋለሁ።

እዚህ ሲቀላ ሰፈር ያለው ቤትሽ እንዲወረስ የተደረገው ስምምነት ይሻርልን ብለን ያመለከትነው ማክሰኞ ይሰማል። አሥራ አንድ ዓመት ሙዝ ተሸክመሽ የሠራሽው ቤት ነው። ካርታው በወንድሜ በዳልጮ ስም ስለወጣ ብቻ፣ እሱ ከመሥሪያ ቤቱ ከዘረፈው ጋር ደመሩት። እኔንም ደመሩኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ ሳይነግረኝ የጭነት መኪና በስሜ ገዝቶ ሁለተኛ ተከሳሽ አደረገኝ። ይህን ይቅር አልለውም፤ አትለምኚኝ።

ግን የምጽፍልሽ ስለ እሱ አይደለም።

ስምምነቱን የፈረምሽ ቀን የፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ ቀረ። ዳኛው የሚያስተረጉም ዘመድ አለ ወይ ሲሉ እጄን አወጣሁ። ወረቀቱ ቤቱ ለመንግሥት ተወርሶ ይቀራል ይላል። እኔ ዳልጮ እስኪፈታ መያዣ ይሆናል አልኩሽ። አንቺም እሱ ሲፈታ ቁልፌን የሚመልስልኝ ማነው፣ እስከዚያስ ዶሮዎቼን የት ላድርጋቸው ብለሽ ጠየቅሽ። ዳኛው እናትሽ ምን አሉ ብለው ጠየቁኝ። ተስማምቻለሁ ብለዋል አልኳቸው። መዝገቡ ላይ የሰፈረው ይኸው ነው። ጣትሽን ቀለም ላይ ያስነካሁትም እኔው ነኝ።

ሦስተኛው አንቀጽ ስለ ሁለተኛዋ ተከሳሽ ነበር፤ ቤቱ ከተሰጠ የእሷ ክስ ይቋረጣል ይላል። እሱን ጭራሽ አላነበብኩልሽም። ዳልጮ እስከ ዛሬ አልተፈታም። እኔ በዚያው ቀን ክንድሽን ይዤ በባጃጅ ሸኘሁሽ። መንገድ ላይ አንቺ እየጸለይሽ አመሰገንሽ፣ እኔም አሜን አልኩ።

ጠበቃችን አቶ ደግፌ ጋሞኛው ጠፋኝ በይ፣ የከተማ ልጅ ነሽ፣ ማን ይጠረጥርሻል አለኝ። አፌን የፈታሁት በጋሞኛ ነው ስለው፣ አንቺ ልጅ፣ ጠበቃ የያዝሽው ለመዳን ነው ለመታሰር ብሎ ሳቀብኝ። ቃለ መሐላዬን ግን እንደሆነው አድርጌ ጽፌ አስገብቻለሁ። ዐቃቤ ሕጉ ከፈለገ ይክሰሰኝ። እሱም ሰው በማይሰማው ቋንቋ ለማስፈረም ያን ያህል ምን እንዳስቸኮለው ይናገር።

ማክሰኞ የፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ ይመጣል። ዳኛው ያን ቀን ያልሽውን ይጠይቁሻል። እንዳልሽው ንገሪያቸው። ወደ እኔ አትዪ። አውቅሻለሁ፤ ከታሰረ ልጅሽ ላይ ሌላ ላለመጨመር ልጄ ተሳስታ ነው ልትያቸው ይሆናል።

ተሳስቼ አይደለም፣ እማዬ።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያበርታልሽ፤ ከገዛ ደጃፍሽም መልሶ ያቁምሽ።

ሴት ልጅሽ