ማህሌት ያልጻፈችው አንቀጽ

ሸዋ ሮቢት፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለሸዋዬ፣
ደብረ ሲና፣ በወንድምሽ ቤት

ብርዱ እንዴት ይዞሻል? እኛ ጋ ገና በየካቲት ዶሮዎቹ ጥላ ፍለጋ አልጋ ሥር ይገባሉ። እኔ ደህና ነኝ። ከስቷል ያለሽ ሰው ካለ ውሸቱን ነው፤ ሱሪዬ ነው የሰፋው።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔው ወልደማርያም፣ በገዛ እጄ። የማታውን ትምህርት በስምንት ወር ጨርሼ ከሠላሳ አንድ ጎልማሳ ሁለተኛ ወጥቻለሁ። አንደኛ የወጣችው ሴትዮ ልጇ አስተማሪ ስለሆነ የእሷን እንደ ውጤት አልቆጥረውም። እኛን የምታስተምረን ዙልፋ የምትባል ልጅ ናት፤ በዕድሜ የእኛዋን ልጅ ታክላለች። "ጋሼ፣ እጅዎ ከበደ፤ ደብተሩን እያረሱት ነው" ትለኛለች። "ገበሬ ነኛ፣ ታዲያ ምን ላድርገው?" አልኳት። ከጎኔ የሚቀመጠው አሊዪ፣ ያ የፓፓያ ነጋዴው፣ "ይህ ሰውዬ ሳይማርም አፉ አላረፈ፤ አሁን ደግሞ እጁም ሊለፈልፍ ነው" ብሎ ክፍሉን በሙሉ አሳቀብኝ። እሱ እስካሁን ስሙን ሲጽፍ ላብ ያጠምቀዋል፤ እንዳትነግሪው።

ስፈራ ቀልድ እንደማበዛ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

ቤዛዊት፣ የወንድሜ ልጅ ያህል ነሽና ልለምንሽ። ይህን ለአክስትሽ የምታነቢላት አንቺ ነሽ። ከዚህ በታች ያለውን ሳታሳጥሪ፣ ሳታለሰልሺ አንብቢላት። ብታለቅስ ጠብቂያትና ካቆምሽበት ቀጥዪ።

ሸዋዬ፣ የማህሌትን ሰማያዊ ደብተር ታስታውሻለሽ። ከቤተ መጻሕፍት እየተዋሰች ስታነብ፣ አንዱን መጽሐፍ በጨረሰች ቁጥር ከእሱ ተነስታ ለራሷ አንድ ሕግ ትጽፍበት ነበር። የእድራችን መተዳደሪያ ደንብ በስብሰባ ሲነበብ ሰምታ፣ የራሷንም "አንቀጽ አንድ፣ አንቀጽ ሁለት" እያለች ጀመረችው። "እድር ለሞት ደንብ ካወጣ፣ ሰው ለኑሮው አያወጣም?" አለችን። እኔ "ሊቀመንበሩ ማነው?" ብዬ ሳቅሁባት። "እኔ። አባሉም እኔ፣ ተቀጪውም እኔ" አለች።

አርባዋ በወጣ ማግስት ደብተሩን ከሳጥኗ አውጥተሽ ጭኔ ላይ አኖርሽው። "ምን እንዳለች አንብብልኝ" አልሽ። ያኔ ፊደል ቆጠርኩ እያልኩ ሰፈሩን አደንቁሬው ነበር። እውነቱ ሦስት ቀን ተምሬ ማቋረጤ ነው። ለአንቺም አልነገርኩሽም። ዓይን ዓይኔን ስታዪኝ "አልችልም" የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለ። አፈርኩ። የእድሩን ደንብ ግን ስንት ዓመት ስሰማው ኖሬ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ በእሱ ዜማ ማንበብ ጀመርኩ። "አንቀጽ አንድ፦ ታላላቆቼን አከብራለሁ" አልኩ። አመንሽኝ። "አንቀጽ ሁለት፦ ከጎረቤት ጋር በሰላም እኖራለሁ" አልኩ። እንባሽን እየጠረግሽ ራስሽን ነቀነቅሽ። ገጹንም እየገለጥኩ ነበር፣ በሚገባ።

ከዚያ ቀና ብዬ አየሁሽ። እህል ከቀመስሽ ሁለት ቀንሽ ነው። ሙቀቱ አንቺንም ሊወስድብኝ መሰለኝ። ስለዚህ "አንቀጽ ዘጠኝ፦ እማዬን ከዚህ ቆላ አውጥቼ ወደ ተወለደችበት ደጋ እመልሳታለሁ፤ ኑሮዋም እዚያው ይሆናል" ብዬ አነበብኩልሽ።

"ልጄ ይህን አስባልኝ ነበር?" አልሽ። በሳምንቱ ዕቃሽን ጠቀለልሽ።

እኔ ሁለት ሳምንት አርፈሽ ትመለሻለሽ ብዬ ነበር። ይኸው ዓመት ከሰባት ወር። ሰው በላክሁብሽ ቁጥር "የልጄን ቃል አላፈርስም" ትያለሽ። ቃሉ የእሷ አይደለም፣ ሸዋዬ። የእኔ ነው።

ወደ ትምህርቱ የተመለስኩት በዚህ ምክንያት ነው። ምን እንደጻፈች ሳላውቅ ስሟን ተጠቅሜ ላንቺ ሕግ አወጣሁ፤ እረፍት ነሳኝ። ባለፈው ሳምንት በሬን ዘግቼ ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ጽሑፏ ደቃቅ ነው፤ አንዱ ገጽ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። አንቀጽ አንድ "የተዋስኩትን መጽሐፍ ገጹን ሳላጥፍ እመልሳለሁ" ይላል። አንቀጽ አራት "ያነበብኩትን መልካም ነገር ለሌላው ከማውራቴ በፊት አንድ ጊዜ እሠራዋለሁ።" አንቀጽ ሰባት "ያላነበብኩትን መጽሐፍ አንብቤዋለሁ አልልም።" እዚህ ላይ ስደርስ ደብተሩን ዘግቼ ውሃ ላጠጣ ማሳ ወረድኩ። የውሃ ተራዬ ግን በማግስቱ ነበር።

ደጋ የሚል ቃል የትም የለበትም። አንቀጽ ዘጠኝን እንዳለ ልገልብጥልሽ፤ ሦስት ጊዜ አመሳክሬዋለሁ።

"አንቀጽ ዘጠኝ፦ ሲያመኝ ለእማዬ አልነግራትም፤ ከሰማች እንቅልፍ አይወስዳትም። ለአባባ እነግረዋለሁ፤ እሱ ያስቀኛል።"

ነግራኛለች።

አንቺ ሽንኩርት ነቀላ በዋልሽባቸው በእነዚያ ሦስት ቀናት ነው። ሰኞ "አባባ፣ ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ራሴንም ያመኛል" አለችኝ። በሮቢት፣ በግንቦት ፀሐይ ብርድ። "ደብረ ሲናን በጓሮ በር አስገባሻት እንዴ?" አልኳት። ሳቀች። ማክሰኞ ደገመችልኝ። "ይህ የፈተና በሽታ ነው፤ ሲፈተኑት ይለቃል" አልኳት። ያን ጊዜም ሳቀች፣ ግድግዳውን ይዛ። ጤና ጣቢያው በባጃጅ ሩብ ሰዓት አይሞላም። ረቡዕ አንቺ ከማሳ ገብተሽ ግንባሯን ስትነኪ ጩኸትሽን ሰማሁ። ወባው ጭንቅላቷ ላይ ወጥቶ ነበር።

በለቅሶው መሀል "ልጄ ሥራ ላይ ሆኜ አመለጠችኝ፤ ለማን ትናገር?" እያልሽ ደረትሽን ስትመቺ አጠገብሽ ቆሜ ነበር። ለእኔ እንደነገረችኝ አልነገርኩሽም። እስከ ዛሬ እጅሽ ሽንኩርት እንደማይነካ ወንድምሽ ነግሮኛል። ማሳ መዋልሽ ጥፋት አይደለም። ያላየሽው ስለደበቀችሽ ነው። የተነገረኝ እኔ ነኝ።

ደብተሩን አብሬ ልኬልሻለሁ፤ ቤዛዊት ከመጀመሪያው ታንብብልሽ። አሥራ ሁለት አንቀጽ ነው። የመጨረሻው ቁጥሩ ብቻ ተጽፏል፣ ሥሩ ባዶ ነው። እኔ ምንም አልጨመርኩበትም።

ተመለሺ ለማለት አይደለም የጻፍኩት። ደጋው ከተስማማሽ፣ መቅረትሽ በራስሽ ፈቃድ ይሁን እንጂ በእኔ ውሸት አይሁን። የምትመልሺልኝ ካለሽ በስልክ አትንገሪኝ፤ በስልክ እቀልድብሻለሁ። ቤዛዊት ትጻፈው። እርግማንም ቢሆን እንዳለ ትጻፈው። ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ።

ማርያም ጉልበትሽን ከብርዱ ትጠብቅልሽ፣ እንቅልፍም ትስጥሽ።

የማህሌት አባት፣
ወልደማርያም