እማዬን የጣላት ክኒን አንተም ቤት አለ

ወንድምጋሼ ቾኤይ፣

እንደምን ሰነበትክ? አስምህ እንዴት አደረገህ፣ የኦሳካ ብርድ አልጀመረብህም? ሚስትህ ሳቺኤስ እንዴት ናት? እኔም ልጆቹም ደህና ነን። ደህና ነን የምልህ ለሰላምታ ያህል ነው እንጂ እማዬ ደህና አይደለችም።

ባለፈው ክረምት ከራስህ መድኃኒት ቀንሰህ የላክህላት የአስም ክኒን ምን ያህል እንዳስደሰታት ታውቃለህ። ትንፋሿ ጠርቶላት በባዶ እግሯ አገዳው ማሳ ውስጥ ስትሠራ ትውል ጀመር። ክኒኑን ምድጃው ዳር፣ የእሳቱ አምላክ ፊት አስቀምጣ ጠዋት ጠዋት ስምህን እየጠራች ትመርቅህ ነበር። ሲያልቅባት ድገምላት ብዬ የጻፍኩልህም እኔው ነኝ። ምነው እጄን በቆረጠው!

ከዚያ ሆዷን ይቆርጣት፣ የበላችውን ያስመልሳት ጀመር። እርጅና ነው ብለን ዝም አልን። ማክሰኞ ለት ግን በትኩሳት ነደደች፤ አንገቷ አልታጠፍ አለ፤ እኔኑ «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አለችኝ። ተሸክመን ሆስፒታል አደረስናት።

ሐኪሙ የክኒኑን ፓኮ ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። እንዳስረዳኝ ከሆነ፣ እዚህ አፈር ውስጥ በእግር የሚገባ እንደ ክር የቀጠነ ትል አለ። ልጅ ሆነን ከገባ ዕድሜ ልካችንን አንጀታችን ውስጥ እየተራባ ይኖራል፤ ሰውነታችን እየጠበቀ ስለሚያግደው አናውቀውም። ይሄ ክኒን ትንፋሽ ይከፍታል፣ ጠባቂውን ግን ያስተኛዋል። ያኔ ትሉ ያለ ልክ ይፈላል፤ አንጀት በስቶ ሲወጣም የሆድ ቆሻሻ ውስጥ ያለውን ተሕዋስ ይዞ ደም ውስጥ ይገባል። የእማዬ ጭንቅላት ድረስ ደርሷል። አሁን የትሉንም የተሕዋሱንም መድኃኒት ይሰጧታል።

ሐሙስ ትንሽ ነቃ ብላ ነበር። የሐኪሙን ነገር ሰምታ ኖሮ እጄን ያዘችና «ለቾኤይ እንዳትነግሪው። እኔ ገደልኳት ብሎ ይሞትብኛል» አለችኝ። ማልኩላት። ከዚያ ወዲህ ዓይኗን አልገለጠችም።

ወንድምዬ፣ አንተም እኮ ያንኑ ክኒን ትውጣለህ! እዚሁ ማሳ ላይ አብረን ነው በባዶ እግራችን ያደግነው። ሃያ ዓመት ከተማ ኖሬ ምን ትል አለብኝ ብለህ እንዳትኮራብኝ፤ እሱ ዓመት አይቆጥርም። ክኒኑን በራስህ እንዳታቋርጥ፣ እሱም አደጋ አለው ብሏል ሐኪሙ። ይህ ወረቀት እንደደረሰህ ሐኪምህ ዘንድ ሂድ። ኦኪናዋ፣ ያንባሩ ነው ያደግሁት በለው፣ ዓይነ ምድርህን ይመርምርልህ። አንዴ አይቶ የለም ቢልህ ደግመህ ስጥ፤ ይደበቃል። ማፈሩ ይቅርብህ፣ በእናትህ ይዤሃለሁ።

አንተን ጥፋተኛ ያለህ የለም። የላክኸው ስለምትወዳት ነው፤ እኔም ያስዋጥኳት ስለምወዳት ነው።

ሳቺኤን ጉንጮቿን ሳምልኝ። ትንሿን ናጊሳን አክስትሽን ናፍቀሻታል በልልኝ። ባሌ ሴይቶኩ እጅ ነስቷል፤ ልጆቹም አጎታችንን ሳሚልን ይላሉ። ከእማዬ የምልክልህ ሰላምታ የለኝም። ለእሷ የማልኩትን አፍርሻለሁ፤ ብቻ ትንቃና ትቆጣኝ።

እህትህ ሃትሱኤ
ያንባሩ፣ ኦኪናዋ
ኅዳር 9 ቀን 1987 እ.ኤ.አ.