አንደኛ ሀ እና አንደኛ ለ

ጥቅምት 5፣ ሰኞ

ዛሬም ግማሾቹ በመስኮት ገቡ። በሩ ሥር ያሉት ከተቀመጡ በኋላ ማለፊያ የለም። ለሦስት የተሠራ አግዳሚ ላይ ስድስት። ወንበር ያልደረሳቸው ድንጋይ ላይ፣ መሬት ላይ። ፊደል ሳስቆጥር ከኋላ የሚመለስልኝ ጩኸት ነው እንጅ ፊደል አይደለም። መስከረም ከገባ ጀምሮ የኋለኞቹን ደብተር አንድ ቀን አላየሁም። ስም እጠራለሁ፤ አንዱ አቤት ይላል፤ ማን እንዳለ እንጃ።

ልጄ መቅደስም እዚያው ውስጥ ናት። ከትርንጎ ጋር ትከሻ ለትከሻ። የትርንጎ እናት ወ/ሮ ዓለምነሽ ሸክላ ሠሪ ናት፤ እንስራና ድስት ሠርታ ወረታ ገበያ ታወጣለች። ልጆቹ እንደዚያ ተጣብቀው ሲቀመጡ ማን ከማን ልጅ ጋር ተቀመጠ ብሎ የጠየቀ የለም። ቦታ ያገኘ ይቀመጣል፤ በቃ።

ማስታወሻዬ፣ አንችን ደስ የሚልሽ ወሬ ግን አለኝ። ቆርቆሮው መጣ! መንግሥት የክፍል ጥበት ማቃለያ ብሎ የሰጠን ገንዘብ ግድግዳ ሆኖ ቆሞ፣ ክዳን አጥቶ፣ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲመታው ከረመ። መንገድ ሲከፈት ሲዘጋ፣ ቆርቆሮው ባሕር ዳር ተቀምጦ። ዛሬ ገባ። አንድ ክፍል፣ አንድ ተጨማሪ መምህር። የእኔ አንደኛ ክፍል ለሁለት ሊከፈል ነው። እየሳቅሁ ነው የምጽፍልሽ።

ጥቅምት 12፣ ከሰዓት

ክዳኑ አለቀ። ሩዙ ለአጨዳ ሳይደርስ እንጨርስ ተባለና አገሩ ሁሉ ወጣ። ከሁሉ በላይ የሠሩት አያ ደሳለኝ ናቸው። የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ የእናቴ ወንድም። ባሕር ዛፉን ከራሳቸው ግቢ አስቆርጠው ሰጡ፤ በዚያ ዕድሜያቸው ጣራ ላይ ወጥተው ምስማር መቱ። ግድግዳውን የመረጉት ደግሞ ወ/ሮ ዓለምነሽና ጎረቤቶቿ ናቸው። ጭቃ እንደ እነሱ የሚያውቅ የለም።

ባለቤቴ ይርጋ የሚያርሰው የአያ ደሳለኝን የሩዝ ማሳ ነው፣ በእኩል፤ ምርቱን ለሁለት እንካፈላለን። የምንበላው ከእርሳቸው መሬት ነው ማለት ነው። ክፉ ሰው አይደሉም። ይኸ ተጽፎ ይቀመጥልኝ።

ጥቅምት 16፣ ዓርብ

አዲሱ መምህር መጣ። መ/ር ሀብታሙ ይባላል፣ የደብረ ታቦር ልጅ፣ የመጀመሪያ ሥራው ነው። ጠመኔ አያያዙ ራሱ ያስቃል።

ልጆቹን በእጣ ከፈልናቸው። ከረጢት ውስጥ ሽምብራና ጓያ። ሽምብራ የወጣለት 1ኛ ሀ፤ አዲሱ ክፍል፣ ከእኔ ጋር። ጓያ የወጣለት 1ኛ ለ፤ አሮጌው ክፍል፣ ከመ/ር ሀብታሙ ጋር። አንዱ እጣውን በላው። ሽምብራ ነበር አለኝ። አመንኩት። ለመቅደስም ለትርንጎም ጓያ ወጣ። ተቃቅፈው ዘለሉ። እኔም በልቤ ይሻላል አልኩ፤ ልጅ እናቷ ስታስተምራት ይከብዳታል።

ጥቅምት 19

የክፍሌ መጨረሻ ድረስ ሄድኩ! በእግሬ፣ በረድፎቹ መሀል። የሁሉንም ደብተር አየሁ። ጥሩዬ የምትባል ልጅ ሁልጊዜ ከኋላ ዝም ብላ የምትቀመጥ፣ ሰነፍ ናት ብዬ የተውኳት፣ ሰሌዳው አይታያትም ኖሯል። ከፊት አስቀመጥኳት። ወዲያው "በ"ን ጻፈች። ከዚያ "ቡ"ን። ዞር ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ።

መ/ር ሀብታሙም ከጎን ክፍል ያዘምራቸዋል። የመቅደስን ድምፅ ለይቼ እሰማለሁ።

ጥቅምት 23

ስብሰባ። የወላጅ ኮሚቴው ጠራን። ስለ አጥር መስሎኝ ነበር።

አያ ደሳለኝ ረጋ ብለው ጀመሩ። መንግሥትን አመሰገኑ፣ ክፍሉን አመሰገኑ። ቀጥለው የሸክላ ሠሪዎቹና የቀጥቃጮቹ ልጆች ለብቻቸው ይቀመጡልን አሉ። ኮሚቴው ተማክሮ የጨረሰው ነገር ነው። "ልጆቹ አይማሩ ያለ የለም፤ ይማሩ። ግን አሁን ቦታ አለ።"

ር/መምህራችን መ/ር ጌታቸው ጫማውን ያያል። መ/ር ሀብታሙ እኔን ያያል። እጣ ነው የወጣው አልኩ። ልጆቹ ራሳቸው አወጡ አልኩ።

"አንች የተማርሽ ነሽ፣ ልጀ። እኔ ግን የእህቴን የልጅ ልጅ በቡዳ አላስበላም።"

"መስከረምን ሙሉ ስድስት ሆነው ሲቀመጡ አልተበሉም እኮ፣ አያ።"

"ያኔ ምርጫ አልነበረንም።"

ይኸን ሲሉ ድምፃቸው አልጠነከረም። እንዲያውም የሚያጽናኑኝ ይመስላሉ። ከሁሉ የከፋኝ ይኸ ነው።

ጥቅምት 26

ር/መምህሩ ጠርቶ አነጋገረኝ። ለሰላም ሲባል፣ ለዘንድሮ ብቻ እንቀበላቸው፤ ገፍተን ብንሄድ ልጆቹን ከት/ቤት ያስቀሯቸዋል አለኝ። እኔም አላመንኩህም ማለት አልቻልኩም። ያደርጉታል።

ሽምብራ የወጣላቸው የሸክላ ሠሪና የቀጥቃጭ ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ወደ ለ ሄዱ። ጓያ የወጣላቸው የገበሬ ልጆች አንድ በአንድ ወደ እኔ መጡ። በአባት እጅ፣ በአያት እጅ። መጨረሻ ላይ አያ ደሳለኝ መቅደስን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ጠጋ በሉላት አልኳቸው ልጆቹን። ተጠጉላት።

መቅደስ ቀኑን ሙሉ በመስኮት ወደ ለ ክፍል ስታይ ዋለች።

ኅዳር 3

አዲሱ ክፍል ሞላ። እንደ ድሮው። ለሦስት በተሠራው አግዳሚ ላይ አምስት፣ ከዚያ ስድስት። የክፍሌን መጨረሻ ደግሞ አጣሁት። ጥሩዬን ሁለቴ ወደ ፊት አመጣኋት፤ ሁለቴ ተገፍታ ወደ ኋላ ሄደች። ዛሬ ተውኳት።

በመስኮት ወደ ለ ክፍል አየሁ። በዚያ ሰፊ አሮጌ ክፍል ውስጥ ጥቂት ልጆች፣ ከፊት ተሰብስበው። ትርንጎ ብቻዋን አንድ አግዳሚ ይዛለች። መ/ር ሀብታሙ ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው፤ ጮክ ሲል ግድግዳው ስለሚመልስበት።

ር/መምህሩ ለወረዳ የሚልከውን ዘገባ አሳየኝ። የተማሪ ክፍል ጥምርታ በእጅጉ ተሻሽሏል ይላል። የሁለቱን ክፍል ልጆች ደምሮ ለሁለት አካፍሎታል። ሒሳቡ ልክ ነው። ደጋግሜ አየሁት፤ ልክ ነው።

ኅዳር 6

ወ/ሮ ዓለምነሽ መጣች። ደወል ከተደወለ በኋላ፣ ልጆቹ ሲወጡ። ጭቃው እጇ ላይ ደርቋል። ትርንጎ ከነገ ጀምሮ አትመጣም አለችኝ፤ ቤት ሆና ጭቃ ታቡካልኝ።

ለመንኳት። ጎበዝ ናት አልኩ፣ ፊደሉን ጨርሳለች አልኩ፣ መ/ር ሀብታሙ ጥሩ ልጅ ነው አልኩ። እስከ ዛሬ እርስዎ ነበር የምትለኝ። ዛሬ ተወችው።

"ግድግዳውን ስመርግ እጄ ንጹሕ ነበር። ልጄ ስትቀመጥ ነው የቆሸሸው?"

እኔ አላዘዝኩም አልኩ። ስብሰባው ላይ ተከራክሬያለሁ አልኩ።

"ሰምቻለሁ። እግዜር ይስጥሽ። ያንች ልጅስ የት ናት?"

ከእኔ ጋር ናት አልኩ። ወ/ሮ ዓለምነሽ ራሷን ነቀነቀች። አልተቆጣችም። ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች።

ኅዳር 7፣ ዓርብ፣ ማለዳ

እንቅልፍ አልነበረኝም። ይርጋን ነገርኩት፤ መቅደስን ወደ ለ እመልሳለሁ። ሩዙ ገና አልታጨደም እኮ አለ። ደጋግሞ ይኸንኑ። ማሳው የማን እንደሆነ ዘንግተሽዋል ወይ አለ። አልዘነጋሁም። አትመልሻት ግን አላለም። ከዚያ በኋላ ማጭዱን ይስል ገባ።

በዚያው ቀን፣ ከሰዓት

መቅደስን እጇን ይዤ ለ ክፍል አስገባኋት። የአባቶች ዓይን ከአጥሩ ውጭ። ክፍሉ ውስጥ ትርንጎ የለችም። መቅደስ ባዶው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ በሩን በሩን ታያለች።

ከት/ቤት ስወጣ ወደ ወ/ሮ ዓለምነሽ ቤት አለፍኩ። መቅደስ ብቻዋን ተቀምጣለች አልኳት። እሷ ጭቃዋን ማቡካት ቀጠለች።

ኅዳር 10

ትርንጎ መጣች! አርፍዳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ። ሌላ የገበሬ ልጅ ግን መቅደስን ተከትሎ የመጣ የለም። አንድም።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ቤተ ክርስቲያን። አያ ደሳለኝ በአጠገቤ አለፉ። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኩ፤ እንዳላዩ አለፉኝ። ልጅ ሆኜ ወደ ሚካኤል በጫንቃቸው የሚያመጡኝ እርሳቸው ነበሩ። እናቴ ሳመችኝና አለቀሰች፤ ልጅሽን ወደ ሀ መልሻት፣ ከወንድሜ ጋ አታጣይኝ ትላለች። የቆሙት ሴቶች ሳልፍ ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ይስባሉ። አሁን እኔንም መፍራታቸው ነው።

ቤት ስንገባ ይርጋ ነገረኝ። አጨዳው ካለቀ በኋላ ሌላ መሬት ፈልግ ተብሏል። በሰው ነው የላኩበት። ቀን አሳልፎ ነው የነገረኝ፤ በዓሉን እንዳያበላሽብኝ።

ምን እንበላለን? በእኔ ደመወዝ? ልመልሳት ይሆን? ዛሬ ይኸን አሰብኩ። አልዋሽሽም።

ኅዳር 17

ነገ እንግዶች ይመጣሉ። ገንዘቡ ምን እንደሠራ የሚያዩ። ካመኑበት ለከርሞ ለሁለተኛ ክፍልም አንድ ክፍል ይሰጡናል አለ ር/መምህሩ። ስለዚህ ከሀ ልጆች ግማሾቹ ለእንግዶቹ ጊዜ ለ ክፍል ይቀመጡ አለኝ። ወላጆቹስ? ተስማምተዋል። አያ ደሳለኝም ተስማምተዋል። ለአንድ ሰዓት ብቻ።

"ለአንድ ሰዓት አይበሉም ማለት ነው?" አልኩት።

ተናደደ። እኔስ ወድጄ ነው? አለ። ሁለተኛ ክፍልን አይተሽዋል? አለ። አይቼዋለሁ። ከእኔም ይብሳሉ፤ አንዷ መምህርት ቆማ የምታስተምርበት ቦታ አጥታ በሩ ላይ ሆና ነው የምታስተምር። እውነቱን ብናገር የሚቀጡት እነዚያ ልጆች ናቸው። ዝም ብል እነዚህ። እሱ ክፉ ነው ብዬ መገላገል አልቻልኩም።

ኅዳር 18፣ ከሰዓት

ከደወል በኋላ ር/መምህሩ ራሱ ገብቶ ልጆቹን ቆጥሮ ወሰደ። ሳላስበው ጥሩዬን "አንችም ሂጅ፣ ከፊት ተቀመጭ" አልኳት።

ለ ክፍል ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ጫጫታ። ሳቅ። የድሮ ጓደኞቻቸው እኮ ናቸው! ትርንጎ ጎን ለመቀመጥ ሁለት ሴት ልጆች ተገፋፉ። መ/ር ሀብታሙ ጮክ ብሎ አስተማረ፤ ግድግዳው አልመለሰበትም። ሁለቱም ክፍል ልክ ሆነ። እንደዚያ ሊሆን ነበር የተሠራው።

እንግዶቹ ገቡ። አንዲት ሴትና ሁለት ወንዶች። በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ አሉ። ፎቶ አነሱ። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞራ ለውጡ እንዴት ነው አለችኝ። ር/መምህሩ ሊመልስልኝ አፉን ከፈተ፤ ቀደምኩት። እነዚህ ልጆች ለአንድ ሰዓት የተዋሱ ናቸው አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት፣ ከእጣው ጀምሮ።

ሰማችኝ። እውነት ሰማችኝ፤ ፊቷ ላይ አየሁት። ከዚያ አንደኛው ሰውዬ ሰዓቱን አየ። መንገዱ ሳይዘጋ ወረታ መድረስ አለብን አለ። ሴትዮዋም የአካባቢው ልማድ ከባድ ነው አለች፤ ከሽማግሌዎች ጋር እየተመካከራችሁ ፍቱት አለች፤ እጄን ያዝ አድርጋ ለቀቀችኝ። ክፍሉ ቆሟል፣ መምህሩ ተቀጥሯል፣ የእነሱ ድርሻ ይኸ ነው። መኪናቸው ሄደ።

አቧራው ሳይወርድ አባቶች መጡ። ልጆቹን ከለ አስወጧቸው። ትርንጎ ጎን የተቀመጠችው የአያ ደሳለኝ የልጅ ልጅ አግዳሚውን በሁለት እጇ ይዛ አልነሣም አለች። አያ ደሳለኝ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈለቀቋቸው። ቀስ ብለው፣ እንዳያማት። ልጅቷ ትጮኻለች። ትርንጎ ጠረጴዛውን ታያለች።

በዚያው ቀን፣ ሲመሽ

ር/መምህሩ ዓይኔን አላየም። ለከርሞ ገንዘቡ ከቀረ በአንች ነው ብሏል። ይሆናል።

ሳስብ አመሸሁ። ወላጆቹ መ/ር ሀብታሙን አይፈልጉትም፤ ልጅ ነው፣ አዲስ ነው ይላሉ። ልጆቻቸውን የሚገፉት ወደ አዲሱ ጣራ ብቻ አይደለም፤ ወደ እኔ ነው። ታላላቆቻቸውን ያስነበብኩት እኔ ነኝ። ኮሚቴው መሬት መንሣት ይችላል፤ ሌላ የአንደኛ ክፍል መምህርት ግን በአንድ ቀን አያመጣም።

መ/ር ሀብታሙ ቤት ሄጄ ተነጋገርን። ፈርቷል። ገና የሙከራ ጊዜው አላለቀም። ቢሆንም እሺ አለኝ። ቦታ እንቀያየራለን፤ እሱ ሀን ይይዛል። ይርጋም ሰማ። እንግዲህ ካጨድን በኋላ ደራ ወረዳ እሄዳለሁ፣ መሬት እጠይቃለሁ አለ።

ር/መምህሩን አላስፈቀድኩም። ነገ ደወል ሲደወል ለ ክፍል ነኝ። የሚፈልገኝ ልጁን ይዞ እዚያ ይምጣ።