አራት እርከን ከፍ ብሎ

ውድ ሉፔ፣

ስለ ጤናዬ ከመጠየቅሽ በፊት እኔው ልንገርሽ። ጉልበቴ ዝናብን ከሬዲዮው ቀድሞ ይተነብያል፣ ጆሮዬ የፈለገውን ብቻ ይሰማል፣ አፌ ውስጥ ደግሞ ሰባት ጥርስ ቀርተውኛል። ታሮ ለመብላትና በሰው ለመሳቅ ይበቁኛል። አንቺ እንዴት እንደሆንሽ አልጠይቅሽም፤ እትዬ ሎሳ አይታሽ ስትመለስ ከነአፍንጫሽ ቅላት ትነግረኛለች።

ደብዳቤውን ይዛልሽ የምትመጣው እሷ ናት። ነገ ጠዋት በመጀመሪያው ጀልባ ከሳሌሎሎጋ ስለምትነሳ፣ አሁን ግድግዳ በሌለው ቤታችን፣ ፋሌው ውስጥ፣ አጠገቤ ቁጭ ብላ ለእናትሽ የሠራችውን ምንጣፍ እየጠቀለለች ትነዘንዘኛለች።

«ጨረስክ?»

«ገና ‹ውድ› ነው ያልኩት።»

«አንዲት ‹ውድ› ይሄን ያህል ከፈጀችብህ፣ እኔ ኦክላንድ ደርሼ እመለሳለሁ።»

የሟች ሚስቴ፣ የአያትሽ፣ እህት ባትሆን ኖሮ መልስ ነበረኝ። ለማንኛውም ወደ ጉዳያችን።

ባለፈው እሁድ በስልክ «አባባ፣ ባለ ሰማንያ ስምንቱን ኪቦርድ ልግዛ ወይስ ባለ ስልሳ አንዱን?» አልሽኝ። የአጎትሽ ልጅ ፔኒ ለባንዱ ተጫዋች አጥቶ፣ በሚመጣው ወር ማንገሬ አዳራሽ በሚደረገው የሳሞአ ምሽት ላይ እንድትጫወቺ ለምኖሻል። ደስታዬን ሳልጨርስ ግን ድምፅሽ ቀጠነና «ለነገሩ ቤቴ ውስጥ ለራሴ ብጫወት ይሻለኛል፤ ለፔኒ ሌላ ሰው ፈልግ እለዋለሁ» ብለሽ መስመሩ ተቆረጠ። ሎሳ «ኔትወርክ ነው» አለች። እኔ ግን እዚህ ደሴት ላይ ኔትወርክ እንዲህ በሰዓቱ ሲደርስ አይቼ አላውቅም።

መጀመሪያ ስለ ማሽኑ እናውራ። ስለሌላው ኋላ እደርስበታለሁ፤ ሽማግሌ ቸኩሎ አይሄድም፣ ከሄደም ይወድቃል።

ሻጩ ነጭና ጥቁሮቹን ቁልፍ ይላቸዋል መሰለኝ። እኛ ቤት ጥርስ ነው የምንላቸው፤ ቁልፍ የምንለው ከላይ ተደርድረው መብራት የሚያበሩትን ነው። ሻጩ ታዲያ «ባለ ሰማንያ ስምንት ጥርሱ እንደ እውነተኛ ፒያኖ ከበድ ብሎ ይጫናል» አለሽ። እውነቱን ነው፤ ጣት ይወደዋል። ወገብ ግን ጣትን ሰምቶ አያውቅም። ሻጩን በትህትና «ይቅርታ፣ ወንድም፣ ይህን ተሸክመህ ሁለት ጊዜ ደረጃ ውጣልኝ» በይው። ሲወጣ ፊቱን እዪ። ዋጋው የተጻፈው እዚያ ላይ ነው።

የእኛ ባንድ መኪና እንዳልነበረው ታስታውሻለሽ። ኪቦርዱ በአውቶቡስ ነበር የሚሄደው፤ ሰው ሰው ጭን ላይ ሲቀመጥ እሱ ደግሞ በሦስት ሰው ጭን ላይ ተጋድሞ። ስለዚህ ኪቦርድ የምመርጠው በጭን ለክቼ ነበር። በሦስት ጭን የሚያድር ይገዛል፤ አራተኛ ጭን የሚጠይቅ ሱቁ ይቀመጥ። አንድ ጊዜ ከሦስቱ አንዷ ሎሳ ነበረች። የእሷ ጭን ብቻውን ይበቃ ነበር ብዬ አልጽፍም፣ በትከሻዬ በኩል እያነበበች ነው።

«ምን አልክ?»

«ደግ ነሽ ብዬ ነው።»

«‹ጭን› የሚል አይቻለሁ እኮ!»

ወደ ሰባት መቶ ድምፅ አለው ሲሉሽ አትደንግጪ። ሰባት መቶ ድምፅ ማለት ሰባት መቶ ቅመም ያለበት ወጥ ማለት ነው፤ ማን ይበላዋል? አንቺ የምትፈልጊው ጥሩ ፒያኖ፣ ጥሩ ኦርጋን፣ በግራ እጅሽ የምትይዢው ጥሩ ቤዝ ነው። በማዳመጫ ብቻ አትስሚው፤ በማዳመጫ ሁሉም ጣፋጭ ነው። በትልቅ ስፒከር አስከፍቺና ከሱቁ በር ወጥተሽ፣ መንገድ ላይ ቆመሽ፣ ሌላ ሰው ሲነካው ስሚው። በመኪና ጩኸት መሀል ፒያኖው ፒያኖ መሆኑ ከታወቀሽ አዳራሽ ውስጥም ይታወቃል።

ቁልፎቹን በጨለማ ማየት መቻልሽን እዪ። መድረክ ላይ መብራቱ ሁልጊዜ የሚበራው ለዘፋኙ ነው፤ ኪቦርድ ተጫዋች ጥላ ውስጥ ነው የሚኖረው።

ድምፅ የሚያስረዝመው ፔዳል ላይ እግርሽን አሳርፈሽ ማሽኑን አታብሪ። ዲያቆን ፋሌፋ ተቀብቶ የወጣ አዲስ ጫማውን ፔዳሉ ላይ ጭኖ ሳለ ኪቦርዱን ባበራሁበት የሠርግ ቀን፣ ማሽኑ ነገሩን ገልብጦ ተረዳው። ፔዳሉን ስረግጥ ድምፁ ይቆረጣል፣ ስለቅ ይጎተታል። ሙሽሮቹ እንደ ጀልባ እየተንገጫገጩ ገቡ። ሰዉ አዲስ ዳንስ ነው ብሎ አጨበጨበ።

ማቆሚያው ከባድ ይሁን። በዚህ ላይ ገንዘብ አትሰስቺ። አንድ ምሽት ሆቴል ውስጥ ማቆሚያው ተንሸራቶ ኪቦርዱ ጭኔ ላይ ሲወድቅ፣ መጫወቴን አላቋረጥኩም። ፈረንጆቹ ለዚያ ነው አጥብቀው ያጨበጨቡት። በማግስቱ የሆቴሉ አስተዳዳሪ መጥቶ «ያችን ጭን ላይ የመጣል ነገር ዛሬም ይድገሙልን» ብሎኛል።

ባትሪ የሚቀበል ከሆነ ደግሞ ይሻላል። አዎ፣ ኦክላንድ መብራት አይጠፋም ትይኛለሽ። እንግዶቹ እኛው አይደለን? አርባ የኤሌክትሪክ ድስት ባንድ ሶኬት ላይ የሚሰኩ እናቶች ባሉበት አዳራሽ መብራት ይጠፋል።

እና የትኛውን? ከሰማንያ ስምንቱና ከስልሳ አንዱ መሀል ባለ ሰባ ሦስት አለ። ከበድ ብሎ የሚጫን፣ በክንድ የሚያዝ። አሁን «አባባ ለዘብ አለ» ትያለሽ። አልለዘብኩም፤ ፔኒ መኪና አለው ሲሉ ሰምቼ ነው። ግን ከሁሉ በላይ አንድ ነገር እወቂ፦ ኪቦርድ የሚመረጠው በሚጫወተው ሰው ጣት አይደለም። አብሮሽ በሚዘፍነው ሰው ጉሮሮ ነው። ማን ሊዘፍን እንደሆነ ሳታውቂ አትግዢ። ማን እንደሚዘፍን መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ።

አሁን ወደ ሌላው ነገር መጣሁ። እናትሽ «ያንን እሁድ አታንሳባት» ብላኛለች፤ አንቺም ባነሳሁት ቁጥር ስለ አየሩ ትጠይቂኝ ነበር። ስለዚህ ዝም አልኩ። ዛሬ ግን በወረቀት ስለሆነ ስልኩን ልትዘጊብኝ አትችይም።

እኔ እንደ አብዛኛው የደሴቱ ኪቦርድ ተጫዋች በነጮቹ ጥርሶች ብቻ ነው የተማርኩት፤ አንቺንም ያስተማርኩሽ እንዲሁ ነው። ዘፋኙ ድምፁ ቀጭን ከሆነ ጣታችንን አናንቀሳቅስም። ትራንስፖዝ የምትባለዋን ቁልፍ እንጫናለን፤ ጣት እዚያው ሆኖ ዜማው ደረጃ ይወጣል። የዚያ እሁድ ዋዜማ፣ ቅዳሜ፣ በአንድ ሠርግ ላይ ዘፋኙ እንደ ጫጩት የሚጮህ ልጅ ስለነበር አራት እርከን ከፍ አደረግሽው። ጎበዝ ስለሆንሽም ሁሉንም፣ ፒያኖውንም ቤዙንም ከፍታውንም፣ አንዴ ሲጫኗት ያስቀመጡትን ሁሉ በምትመልሰው በአንደኛዋ ማስታወሻ ቁልፍ ላይ አስቀመጥሽው።

በማግስቱ የልጆቹ በዓል፣ ነጭ እሁድ፣ ነበር። ልጆቹ ነጭ በነጭ ለብሰው ጥቅሳቸውን ጨርሰው፣ መዘምራኑ ለመዝጊያው መዝሙር ሲቆሙ፣ አንቺ ፒያኖውን ለማምጣት አንደኛዋን ቁልፍ ተጫንሽ። ፒያኖው መጣ፤ አራቱም እርከን አብሮት መጣ።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን የተጀመረ መዝሙር አይቆምም። ጣራው ቢነሳ ሰማዩን እያየን እንጨርሰዋለን። ስለዚህ ተያያዝነው። እኔ ወፍራም ድምፅ ከሚባሉት ረድፍ ቆሜ እንደ ተያዘ የአሳማ ግልገል ነበር የምጮኸው። ዲያቆን ፋሌፋ ዓይኑ ፈጠጠ። ልጆቹ ሳቁ፣ እኔም ብሆን እስቅ ነበር። አንቺ ሳቃቸውን ሰማሽ፤ ሁለተኛው አንጓ ላይ እጅሽን አንስተሽ በጎን በር ወጣሽ። ነጭ ቀሚስሽ በኮኮናት ዛፎቹ መሀል ወደ ባሕሩ ሲሮጥ አየሁት። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ኪቦርድ ነክተሽ አታውቂም። ወደ እናትሽ ስትሄጂም ያን ሳቅ ይዘሽው ሄድሽ።

ግን ሉፔ፣ አንቺ የሰማሽው እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ ነው። መዝሙሩ አራት አንጓ አለው።

ኪቦርዱ ዝም ሲል ወንዶቹ አንድ በአንድ ከዜማው ወደቅን። ሴቶቹ ግን አላቆሙም። ዝቅ እናድርገው ያለ የለም፤ የተጀመረበት ላይ ነው የሚጨረሰው። ሎሳ፣ ይቺ ምንጣፍ የምትጠቀልለዋ ሎሳ፣ ሦስተኛው አንጓ ላይ ዓይኗን ጨፍና አንገቷን ቀና አደረገች። አራተኛው ላይ የደረሰችበት ቦታ እሷም ደርሳበት አታውቅም፣ እኛም ሰምተነው አናውቅም። ልጆቹ ሳቃቸውን ረስተው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ሲያልቅ ፓስተሩ አሜን ማለት ጠፋው። አያትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ክንዴን ቆንጥጣ «ይህንን ልጅቷ ሳትሰማው ቀረች» አለችኝ።

የሚቀጥለው ዓመት ነጭ እሁድ ላይ መዝሙሩን በድሮ ቦታው ጀመርኩላቸው። ሎሳ እጇን አጣምራ ቆመች። መዘምራኑም እንደሷ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ በሹክሹክታ፤ የሎሳ ሹክሹክታ ወደቡ ድረስ ይሰማል።

«መዝሙሩ ነዋ።»

«ይሄማ ለቀብር ነው። የሉፔን አምጣው!»

አንደኛዋን ቁልፍ ተጫንኩ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የሚዘመረው በሉፔ ነው። «በሉፔ» ነው የሚሉት፤ ማስረዳት ቀርቷል። ዲያቆን ፋሌፋ እንኳ «በሉፔ ከሆነ እኔ ቁጭ እላለሁ» ይላል፣ ከዚያ ይቆምና ይጮሃል። አምና እንሽላሊት ጥርሶቹ ስር እንቁላል ጥላ አሮጌው ማሽን ሲሞት፣ አዲስ ለመግዛት መዘምራኑ ተሰበሰቡ። ስንት ጥርስ አለው ያለ የለም። የመጀመሪያው ጥያቄ «ሉፔ አለው?» የሚል ነበር። አሁን አዲሱ ማሽን አንደኛ ቁልፍ ላይ ቁራጭ ነጭ ጨርቅ ለጥፈንበታል። ሌላ ምንም አልተጻፈበትም፣ ስምሽ ብቻ። የሚነካው የለም፤ ከነጭ እሁድ በቀር።

አየሽ፣ አንቺ የሸሸሽውን ነገር መንደሩ ወግ አድርጎ ይዞታል። ስህተት አልነበረም ልልሽ አይደለም። ነበር! የአሳማ ግልገል አድርጎኛል እኮ። ከማሽኑ ፊት ስትቀመጪ ከፍታውን አንድ ጊዜ እዪው፤ ትምህርቱ ይኸው ነው፣ ከዚህ በላይ የለውም። ለሱ ብለሽ እስከ ዛሬ መቀጣትሽ ግን ለእኔ ብዙ ነው።

አሁን ማን እንደሚዘፍን ልንገርሽ። ሎሳ ኦክላንድ የምትመጣው እናትሽን ለማየት ነው ብላችኋለች። እናትሽን ታያለች፤ የጀልባና የአውሮፕላን ቀኗን የቆጠረችው ግን ለዚያ ምሽት ነው። ማንገሬ አዳራሽ ከፊት ወንበር ትቀመጣለች። ለፔኒም ደውላ የመጨረሻው መዝሙር የእኔ ነው ብላዋለች። አሁን እንዲህ ብለህ ጻፍ እያለችኝ ነው፤ ቃሏን እንዳለ አስቀምጫለሁ፦

«ብትጫወት ባትጫወት እኔ በሉፔ ነው የምጀምረው። እንዳልሞት ከሥሬ ትደግፈኝ።»

ሎሳ ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ልጄ። አራተኛውን አንጓ ብቻዋን ትወጣው እንደሆነ አላውቅም። በምንጣፉ ላይ ጎንበስ ስትል ትንፋሿ ሲያጥር አይቻለሁ፤ ይህን ስጽፍ ወረቀቱን በእጄ ከልዬባታለሁ። ያን ቀን ያለ ኪቦርድ ወጣችው፤ አሁን ከሥሯ ሰው ያስፈልጋታል። ፔኒ የሚያመጣው ሌላ ሰው «በሉፔ» ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም።

ስለዚህ ባለ ሰባ ሦስቱን ግዢ። ማቆሚያው ከባድ ይሁን። ስታበሪው እግርሽን ከፔዳሉ ላይ አንሺ። ሌላ ድምፅ ሳታስገቢ በፊት ፒያኖውን ጥሪና አራት እርከን ከፍ አድርገሽ አንደኛዋ ቁልፍ ላይ በገዛ እጅሽ አስቀምጪው። እኔም እዚህ ሆኜ እንድሰማ ፔኒ ስልኩን ከፍ አድርጎ እንዲይዝልኝ ነግሬዋለሁ። ኔትወርክ ከተቆረጠ ግን የማን ሥራ እንደሆነ አውቃለሁ።

አራቱንም አንጓ እሰማለሁ ብዬ የምጠብቀው፣

ባለ ሰባት ጥርሱ አያትሽ
ማላኪ

ሎሳ አሁን አነበበችው። «ትንፋሿ ሲያጥር» ያልኩትን አግኝታዋለች። ምንጣፉን ፈትታ እንደገና እየጠቀለለች ነው፣ እየዘመረች። በሉፔ።