ባትሪው እስኪበርድ

ውድ ወንድሜ ሌኦቪሂልዶ፣

እሁድ ስልኬን ጠብቀህ ስታጣው ታመመች ብለህ እንዳትጨነቅ። ደህና ነኝ።

ማክሰኞ ቀትር ላይ መብራት መጣ። የጓንታናሞን ሰው ታውቀዋለህ፤ ሁሉም ወደ ሶኬቱ ሮጠ። ጎረቤታችን ፌርሚንም ቻርጀራቸው ስለተቃጠለ በባትሪ የሚሄደውን ባለሦስት እግር ሞተራቸውን የጥገና ሱቃችን በር ላይ አቁመው ባትሪውን እንደ ሕፃን ታቅፈው ገቡ።

«ቶሎ በይና ቻርጅ አድርጊልኝ። ነገ ጠዋት ባለቤቴን ኦሊምፒያን ለኩላሊት እጥበት አደርሳታለሁ።»

መዳፌን አስቀመጥኩበት። አንድ ቀልድ ተጀምሮ እስኪያልቅ መዳፍ ግለቱን ካልቻለው አይሰካም፤ ያንተ ሕግ ነው። ቀልዱ ሳይጀመር እጄን አነሳሁ።

«ይብረድ» አልኳቸው።

«መብራቱ ደግሞ የአንቺን ፈቃድ ይጠብቃል?»

«እንደጋለ ብሰካው እሳት ይነሳል። ሞተሩም ቤቱም አይተርፍዎትም።»

«ወንድምሽም እንዲሁ ነበር። ሌላው የባትሪውን ውስጥ ጥቅጥቅ አድርጎ ሲሠራ፣ እሱ በየመሃሉ ክፍተት እየተወ አየር ይሸጥልን ነበር።»

«አየሩንስ በነፃ ነበር የሚሰጠው።»

ጥላው ውስጥ፣ ሲሚንቶው ላይ አስቀመጥነው። ፌርሚን በባርኔጣቸው ያራግቡት ጀመር።

«ውሃ ቢጤ ብናርከፈክፍበትስ?»

«ባቄላ መሰለዎት እንዴ?»

ቆይቼ መዳፌን መለስኩና ያንተን የቄሱንና የፍየሏን ቀልድ ጀመርኩ። መሃል ላይ ጠፋኝ። እሳቸውም አያውቁትም። መዳፌ ግን አሁን ችሎት ነበር። ልሰካው ስነሳ መብራቱ ሄደ።

ፌርሚን አልተቆጡም። ባርኔጣቸውን አደረጉና «ልክ ነሽ፣ ልጄ» አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ስትሄድ የተውክልኝን ባትሪ ከመደርደሪያው አወረድኩ። መብራት ሲጠፋ ሰፈራችን ውስጥ ስልክ አይሠራም፤ በየእሁዱ አንተ ጋ ለመደወል ሞተሬን ኮረብታው ላይ የሚያወጣልኝ እሱ ነው። ሙሉ ነበር፤ ሞተራቸው ላይ ገጠምኩላቸው።

«ይሄማ የሌኦ ነው» አሉ።

«የሌኦ ነው። አየሩም አብሮት አለ።»

ኦሊምፒያ በማግስቱ ደርሳ ተመለሰች። በሳምንት ሦስት ቀን ስለምትመላለስ፣ መብራቱ እስኪስተካከል ያንተ ባትሪ እነሱ ጋ ይቆያል። እስከዚያ አልደውልልህም። ይህን ደብዳቤ ወደ ሞንቴቪዴኦ የሚመጣው የፌርሚን የወንድም ልጅ ያደርስልሃል።

ሱቁ ጸጥ ብሏል። የፌርሚን ባትሪ አጠገቤ ነው። ከበረደ ቆየ፤ እኔ ግን በአንድ እጄ ስጽፍልህ ሌላውን ከላዩ አላነሳሁም።

የቀልዱን መጨረሻ ጻፍልኝ።

እህትህ ኔሬይዳ