ለፒካፑ የመረጥኩት ሸራ

ይድረስ ለልጄ ለየትምወርቅ። የጅማ ዝናብ እንዴት ይዞሻል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ይህንንም ራሴ ነኝ የጻፍኩት፤ ማንንም አልለመንኩም። ስልክ ያልደወልኩት ጉንፋን ድምፄን ስለዘጋው ነው።

ወንድምሽ ወንድወሰን ከቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጨርቅ ጭኖ ወደ ሰሜን ሊያመላልስ ሥራ ይዟል። ለፒካፑ የኋላ መሸፈኛ ልንገዛ ገርጂ ሄድን። እሱን ያማረው የሚያብለጨልጭ፣ ቁልፍ ያለው ጠንካራ ክዳን ነበር። እኔ ጥግ የተጣለ ያደፈ ሸራ አየሁና "ይኼን!" አልኩ።

"አባባ፣ ይሄ እኮ የተቀደደ ነው፤ ዕቃው ይታያል" አለ ሻጩ።

"ይታይ! የሀብታም የሚመስል መኪና አልፈልግም።"

በገመድ ወጥረን አሰርነው። ወንድምሽ "አባዬ፣ ሽንኩርት ነጋዴ ይሉኛል እኮ" ብሎ ሳቀ። "ይበሉህ" አልኩት።

ጎረቤታችን ማንደፍሮ በዚያው መንገድ ሄዶ ነበር። መኪናው መንገድ ዳር ቆማ ተገኘች፤ እሱ ግን ገና አልመጣም። እናቱ ቤት ስልክ በጮኸ ቁጥር አጋቾቹ መስለውን እንሮጣለን።

እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ብትኖር ወንድምሽ እሷን ይሰማት ነበር። እኔን መች ሰምቶኝ ያውቃል።

ዛሬ ሊነሳ ጭነቱን ጨርሷል። ይኸው አሁን የመኪናውን ቁልፍ ፍለጋ ቤቱን እያገላበጠው ነው።

"አባዬ፣ ቁልፉን አላዩትም?" ይለኛል።

"አላየሁም" አልኩት በተዘጋ ድምፄ። ኪሴ ውስጥ ሆኖ ጭኔን እየወጋኝ ነው የምጽፍልሽ።

በይ ልጄ፣ ባልሽን ሰላም በይልኝ። አንድም ሰው ሳይጎድልብን በአንድ ማዕድ ያስቀምጠን።

አባትሽ ረታ