ትከሻ ነው ያልኩት ሕመም

ለታደሰዬ፣

ከተለያየን ሰባት ወር ሆነን። የግቢውን በር ቀለም አስቀባሁት፤ ልብስህንም ለጦር ካምፑ ዘበኞች ሰጠሁ። ጎረቤታችን አዴ ሎኮ ጠዋት ጠዋት ናጋ የሚሉትን የሰላም ሰላምታቸውን ሳያደርሱኝ አያልፉም፤ ያንተን ስም መጥራት ግን ትተዋል። ስፖርት የምትሠራበት መስኮትም ባዶ ሆኗል። የጻፍኩልህ ለምን እንደሆነ ልነግርህ ነው።

ጡረታ ከወጣህ በኋላ በር ላይ ተቀምጠህ ስትውል ጀርባህ እየጎበጠ፣ ትከሻህ ወደ ፊት እየወደቀ ሄደ። እኔ ደግሞ መች አርፋለሁ! በምሠራበት ክሊኒክ ውስጥ ለመምህራንና ለሞያሌ መንገድ ሾፌሮች የማሳየውን ስፖርት ቤቴ አመጣሁት። የሱቁ ላስቲክ ቶሎ ይበጠሳል ብዬ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የውስጡን ላስቲክ ቆርጬ መስኮቱ ብረት ላይ አሰርኩልህ። ክርንህን ከጎንህ አጣብቀህ፣ ትከሻህን ወደ ኋላና ወደ ታች አድርገህ፣ አስራ አምስት አስራ አምስት ጊዜ፣ ሦስት ዙር ትስበዋለህ። ስንቱን ወታደር ያዘዝክ መቶ አለቃ ለእኔ ቆጠራ እንደ ምልምል ስትታዘዝ ሰፈሩ ሳቀብን። ሚስቱ መስኮት ላይ አሰረችው አሉ። እኛም አብረን ሳቅን። ቀና ብለህ መሄድ ስትጀምር ኮራሁ፣ ምን ልደብቅህ።

ጉድ ያደረገኝም ያ ኩራት ነው። ግራ ትከሻዬን አመመኝ፣ እስከ ክንዴ ይወርዳል ስትለኝ፣ ሁለት ቀን ስፖርቱን ስለዘለልክ ነው አልኩህ። ከገበያ ስትመለስ ላብ አጥምቆህ ደጃፉ ላይ ቁጭ አልክ፤ ሙቀቱ ነው አልኩ። የሌላ ሰው ባል ክሊኒክ መጥቶ እንዲህ ቢለኝ ኖሮ ግፊቱን ለክቼ ወደ ሆስፒታል ይዤው እሮጥ ነበር። አንተን ግን ሳብ አልኩህ። ሳብክ። ወታደር አይደለህ! በማግስቱ ጠዋት ከአልጋህ አልተነሳህም። ሐኪሙ ልቡ ነው አለኝ።

ለቅሶ ለመጣው ሁሉ ድንገት ነው፣ ምንም ሳያመው ነው አልኩ። ሰውም አመነኝ፣ አዘነልኝ።

ባለፈው ወር ልጃችን ሄለን ከሞያሌ መጣች። መስኮቱ ጋ ቆማ እንዳንተ ላስቲኩን ስትስብ አገኘኋት። ከዚያ ፈታችውና የአባቴ ማስታወሻ ነው፣ ይዤው እሄዳለሁ አለች። አላስችል አለኝ፤ ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ። ላስቲኩን አልጋው ላይ ትታ ሻንጣዋን አነሳች። ከዚያ ወዲህ ስደውልላት አታነሳም።

አልፈርድባትም። ቤቱ አሁን እኔን ብቻ ይዞ ቀርቷል፤ ይከብዳል፣ ታዴ፣ በጣም ይከብዳል። ሰው ስላንተ ሲያወራ ቀጥ ብሎ መራመዱ ይላል፤ ይበል። እኔ ግን እስክከተልህ ድረስ የማስታውስህ ሳልዋሽ ነው። የጠየቀኝ ሁሉ ከአፌ ይሰማዋል፦ ባሌ አሞኛል ብሎኝ ነበር፣ እኔ ነርሷ ሚስቱ አልሰማሁትም።

ሚስትህ አስቴር